ከአሥራ አምስት ስንት

ቀበና ያለው ቤታችን መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው እንጦጦን ነው፤ የሚታይ ከሆነ ማለቴ ነው። በነሐሴ ጉሙ ባሕር ዛፉ ላይ ተኝቶ ያድርና ተራራው የለም። ሻይ አፍልቼ ስመለስ አንድ ጫፍ ብቅ ይላል፤ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ቀና ስል ደግሞ የለም። ሥራዬ ዓይኔን አበላሽቶብኛልና እዚያው መስኮቱ ላይ ቆሜ ለተራራው ውጤት እሰጠዋለሁ። ዓይን፦ ሲጠሩት ይገልጣል፤ ሦስት። ንግግር፦ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም፤ ሁለት። እንቅስቃሴ፦ ነፋስ ሲነካው ይሸሻል፤ አራት። ድምር ዘጠኝ። ለተራራ መጥፎ አይደለም እልና ጫማዬን አደርጋለሁ።

ነርስ ነኝ። የምሠራው ጭንቅላታቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። መኪና የገጫቸው አሉ፣ ከሕንፃ ሥራ የወደቁ አሉ፣ ከገዛ ደጃፋቸው አንሸራቷቸው የመጡም አሉ። እኛ ጋ ሰው ሲገባ ከስሙ ቀድሞ የሚጠየቀው ቁጥሩ ነው። «ጂሲኤሱ ስንት ነው?» ይባላል። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ሰውዬው ምን ያህል ነቅቷል የሚለውን በሦስት ነገር እንለካለን። ዓይኑን እንዴት ይገልጣል፣ ከአራት። እንዴት ይናገራል፣ ከአምስት። ሲያዙት እንዴት ይንቀሳቀሳል፣ ከስድስት። ሙሉው አሥራ አምስት ነው። ዜሮ የለም፤ ትንሹ ሦስት ነው፤ ድንጋይ አምጥተው ቢያስተኙልን ለእሱም ሦስት እንሰጠዋለን። ቁጥሩ በሁለት ከወረደ ሐኪም ይጠራል። በጭንቅላት ውስጥ የሚፈስ ደም ጊዜ አይሰጥምና ሐኪሙ እየሮጠ ነው የሚመጣው።

ይህን መለኪያ እወደው ነበር፤ ለምን እንደምወደውም አውቃለሁ። እኛ ቤት ነገር ሁሉ በስሜት ነው። አባቴ ከደቡብ መጥቶ ቀበና የቀረ ወንጌላዊ ነው፤ እናቴ የወለጋ ልጅ ናት፤ ሁለቱም ሲጸልዩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የመጣላቸውን ቃል እያወጡ፣ እያለቀሱ ነው። እኔን ደረቅ ይሉኛል። ደረቅ ሰው ደግሞ ቁጥር ሲሰጡት ደስ ይለዋል። ታክሲ ውስጥ እንኳ አላርፍም። ሾላ ላይ ተጋፍተን ስንሳፈር አጠገቤ የሚተኛ ሰው አይጠፋም፤ ዓይኑ እንደተጨፈነ ሰፈሩ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ይላል። ዓይን አንድ፣ ንግግር አምስት። ያስተማሩን እንዲህ ዓይነት ሰው የለም ብለው ነው፤ እኔ በየቀኑ አብሬው እሄዳለሁ።

አንድ የማላወራው ጉድለት ነበረብኝ። የፈረቃ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀን ይጠፋብኛል። አንዱን ቀን ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት እየገባሁ፣ ከእንቅልፌ ስነሣ ማክሰኞም ቅዳሜም አንድ መልክ አላቸው። በሽተኛው በትክክል ይናገራል የሚባለው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለና ቀኑን ሲያውቅ ነው። እኔ ግን «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብዬ ከመጠየቄ በፊት ስልኬን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። ድንገት ራሴን ብለካ አሥራ አራት ነበርኩ።

እኚያ ሰው የመጡት ዓርብ ዕለት ነው። እንጦጦ ላይ የሚኖሩ፣ ከደን ጥበቃ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በጉሙ ውስጥ ቁልቁለቱ አንሸራቷቸው ወድቀው ራሳቸውን ግንድ መታቸው። ሲቲ ስካኑ ከራስ ቅላቸው ሥር ስስ ደም አሳየ። ዋናው ሐኪም ፎቶውን ወደ መስኮት ወስደው ካዩ በኋላ «አሁን አንከፍትም፤ እየለካን እንጠብቃለን» አሉ። ሲገቡ አሥራ አራት ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተረከብኳቸው። ክፍሉ ውስጥ ያ ነጭ የክረምት ብርሃን ነበር፤ መብራት ይበራ አይበራ የማይለይበት። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ «አባባ!» ስል ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉና መልሰው ጨፈኑት። ሦስት። «እጄን ጨበጥ ያድርጉ» አልኳቸው፤ ጨበጡኝ። ስድስት። «ስምዎ ማን ነው? የት ነው ያሉት?» አልኩ። አልመለሱልኝም። ከአፋቸው የሚወጣው ግን አያቋርጥም፤ ዝቅ ያለ፣ የሚንከባለል፣ ጫፍና ጫፍ የሌለው ድምፅ። ደግሜ ጠየቅኋቸው። ያው ነው። ንግግር፦ የማይለይ ድምፅ፣ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ደምሬ ስጨርስ አሥራ አንድ።

ከአሥራ አራት አሥራ አንድ!  ተረኛውን ሬዚደንት ሐኪም ጠራሁት፤ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ልጅ ነው። ሲቲው ወረፋ ነበረው፤ ኦፕሬሽን ክፍሉ ይዘጋጅ፣ እስከዚያ ራሳቸው ይላጭ ተባለ። ማሽኑን ሰክቼ መላጨት የጀመርኩት እኔው ነኝ። ከቀኝ ጆሯቸው በላይ አንድ መስመር ወጥቼ ሁለተኛውን ልጀምር ስል ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?»

ሚስታቸው ናቸው። ጥበቃው እንዴት እንዳሳለፋቸው አላውቅም፤ ጫማቸው ላይ የእንጦጦ ጭቃ ነበር፣ ነጠላቸው በጉሙ ረጥቧል። መናገር ማቆማቸውን፣ ምናልባት ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። ጠጋ ብለው ጆሯቸውን ወደ ባላቸው አፍ አቀረቡ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ባይሆን ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«የቅዳሜን እኮ ነው የሚሉት።»

«የቅዳሜ ምን?»

«የቅዳሜን ጸሎት። የየቀኑ አለው አይደል? በግዕዝ ነው። ሳይጨርሱ ደግሞ ንጉሥ ቢጠራቸው አይመልሱም። ታገሺያቸው።»

ማሽኑን አጥፍቼ ቆምኩ። ሬዚደንቱም መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሦስታችንም አንድ ሽማግሌ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅን። ያን ያህል የረዘመ ጸሎት አላውቅም። በመጨረሻ እጃቸውን አነሥተው አማተቡ፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ የተላጨውን መስመር በጣታቸው ዳሰሱ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ኮሪደር ልማት እኔም ራስ ላይ ደረሰ እንዴ?»

ሬዚደንቱ እየሳቀ ወጣ። እኔ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት የሆኑ ሰው ናቸው፤ እኔ ስለማልሰማቸው አሥራ አንድ አልኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ድምፅ ከተራራው ላይ በማጉያ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር የምሰማው እንጂ ቃል አለው ብዬ አላውቅም። የእኛ ቤት ጸሎት እየተፈጠረ የሚነገር ነው፤ ለቅዳሜ ሌላ፣ ለሰኞ ሌላ ተብሎ የተቀመጠ ነገር እንዳለ ማን ነገረኝ?

እማማ፣ ሚስታቸው፣ ከመሄዳቸው በፊት በር ላይ ይዘውኝ ቆሙ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉኝ። «ሬዲዮም የለኝም። ጎህ ሲቀድ ጎኔ ሆነው ሲጀምሩ ነው ቀኑን የማውቀው። የሰኞውን ሲሉ ሰኞ ነው እላለሁ፤ የሐሙስን ሲሉ ሐሙስ። ቀኔ እሳቸው ናቸው። አደራሽን።»

አደራ የሚባል ነገር አልወድም፤ ሰው ሳይጠየቅ የሚሸከመው ነው። ያን ዕለት ግን ተሸከምኩት።

እሑድ ዕረፍት ነበርኩ። ወደ እንጦጦ የሚወስደውን አቀበት ያለ ምክንያት ወጣሁ። ከታች ከተማዋ በጉሙ ሥር ጠፍታ የመኪና ድምፅ ብቻ ይመጣል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከጉሙ ይወጣሉ፣ በአጠገቤ ያልፋሉ፣ ተመልሰው ጉም ይሆናሉ። አባባ የወደቁበት ቁልቁለት ይሄ ይሁን ያኛው አላውቅም። ከዛፎቹ በላይ ድምፁ ይመጣል፤ ቆሜ ቃሉን ልለይ ሞከርኩ። አልተለየልኝም፤ ግን ዝናብ መምሰሉን ትቷል።

ሰኞ ጠዋት ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ጎናቸው ጠበቅሁ። ሲጨርሱ እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። ሁሉንም ሳይሆን የየቀኑን የመጀመሪያ ቃል ብቻ። ሳቁብኝ።

«አንቺ የእነዚያ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ፤ የምሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ጠይቀውኝ ነግሬያቸው ነበር።

«ነኝ። ዳግመኛ እንዳልላጭዎት ነው።»

«እሱስ ደግ ብለሻል።»

ቃሎቹን እየነገሩኝ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። የሰኞው አፍ ሞልቶ ይጀምራል፤ የማክሰኞው አጠር ያለ ነው፤ የረቡዑ ጉሮሮ ውስጥ ይቆያል። ስሳሳት ያርሙኛል፤ ሲያርሙኝ ጣታቸውን እያነሡ ነው፣ ልክ እንደ የኔታ። ስለ ቀኖቹም ነገሩኝ። «ስማቸው እኮ ቁጥር ነው ልጄ። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ከእሑድ ቁጠሪ።» ዕድሜዬን በሙሉ ሐሙስ፣ ሐሙስ ስል አምስት እያልኩ መሆኔን አላውቅም ነበር። ቁጥር የምወድ ሰው ነኝና ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማክሰኞ ስገባ አባባ ጀምረዋል። በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋቸው፤ አፍ ሞልቶ የሚጀምረው ነው። ለየሁት! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከኪሴ ስልኬን ሳላወጣ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ቀኔን እንደ እማማ በእሳቸው አፍ አወቅሁና በቻርቱ አናት ላይ «ሰኞ» ብዬ ጻፍኩ።

ጓደኛዬ ነርስ በትከሻዬ በኩል አይታ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው እኮ፤ እንቅልፍሽን ጨርሰሽ አትመጪም?» አለችኝ።

ሳቅሁ። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ልሰርዘው ጀመርኩ። መሀል ላይ ተውኩት። ቀን የሚጠፋብኝ እኔ ነኝ፤ ይሄ የታወቀ ነው። ግን ዛሬ የተሳሳትኩት በራሴ አልነበረም። ከእሳቸው ገልብጬ ነው የተሳሳትኩት።

እስክሪብቶውን ቻርቱ ላይ ጣልኩት።

አጠገባቸው ሄጄ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ለካኋቸው። ዓይናቸው ሳልጠራቸው ተገልጧል፤ አራት። እጄን ጨበጡ፣ ልቀቁ ስል ለቀቁ፤ ስድስት። ስማቸውን ነገሩኝ፣ ሆስፒታል እንዳሉ ነገሩኝ፣ ዓመተ ምሕረቱንም ወሩንም ነገሩኝ። «ዛሬስ ምን ቀን ነው?» ስል ዓይናቸው መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ሄደ። ከአልጋቸው ትይዩ ቀን የምንጽፍበት ሰሌዳ አለ። «ማክሰኞ» አሉ። አምስት። ድምር አሥራ አምስት።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ትንሽ ከብዶኛል። ክረምቱ ነው።»

ሬዚደንቱን ጠራሁት። መጣ፣ ለካ፣ እሱም አሥራ አምስት አገኘ። የሆነውን ነገርኩት።

«ሲስተር» አለኝ፣ ሳቁን እየያዘ። «ቅዳሜ በግዕዝ አስደነገጥሽን። ዛሬም በግዕዝ? አሥራ አምስት ናቸው እኮ። አሥራ አምስት ማለት እኔና አንቺ ማለት ነው።»

«እኔ አሥራ አምስት መሆኔን ማን ነገረህ?»

«ፎርሙ ላይ የጸሎት ሳጥን የለም። ምን ብዬ ነው ሲቲ የማዝዘው? አንድ ሽማግሌ የሰኞን ጸሎት ማክሰኞ አሉ ብዬ?»

ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ነው። ያን የሚያህል ወረፋ ያለበት ማሽን ነው፤ ቅዳሜ ያለ ምክንያት ያስሮጥኩትም እኔው ነኝ። ይልቁንም ያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ተሳስቼ ቢሆንስ? አንድ ቀን የተማረ ጆሮ ምን ጆሮ ነው? ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት። በእኔ ጽሕፈት የሰኞውና የማክሰኞው የሚለያዩት በመጠኑ ነው።

ውጭ ወጣሁ። እማማ እንደ ወትሮው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ምንም ሳልነግራቸው «እማማ፣ ይሄ የየትኛው ቀን ነው?» አልኩና የሰማሁትን ቃል እንደሰማሁት በአፌ አወጣሁላቸው። አነጋገሬ ሳያሥቃቸው አልቀረም፤ ፈገግ አሉ።

«የሰኞ ነዋ። ጎበዝ!»

«ዛሬ ጠዋት ያሉት እሱን ነው።»

ፈገግታቸው ሲሄድ አየሁት። ቀስ ብሎ ነው የሄደው፣ ከእንጦጦ ላይ ፀሐይ እንደምትሄደው። «የለም» አሉ። «ትናንት አይደለም እንዴ ሰኞ? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?» ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ልጅ ቀብረን እንኳ በማግሥቱ የማግሥቱን ነው ያሉት። አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።»

ዋናው ሐኪም ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን እየዞሩ በማየት ላይ ነበሩ፤ ሬዚደንቶቹና ተማሪዎቹ ከብበዋቸዋል። በራውንድ መሀል ነርስ ሳትጠየቅ አትናገርም። እኔ ግን ወደ መሀል ገባሁ። «ዶክተር፣ የአምስተኛው አልጋ በሽተኛ ተቀይረዋል» አልኩ።

ቻርቱን ተቀብለው አዩት። «አሥራ አምስት ነው የሚለው።»

«አዎ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሰውዬው ግን ልክ አይደሉም።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቅዳሜውን ስሕተቴን፣ የተላጨውን መስመር፣ ወረቀቴን፣ ቻርቱ አናት ላይ ሰኞ ብዬ መጻፌን፣ ሰሌዳውን አይተው መመለሳቸውን። ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቀ። ዋናው ሐኪም አልሳቁም። ወደ አባባ አልጋ ሄደው ሰሌዳውን ከግድግዳው ላይ በእጃቸው አወረዱና ጀርባውን አዙረው አቆሙት።

«አባቴ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

አባባ ወደ ባዶው ግድግዳ አዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ የሆነ ነገር እንድሰጣቸው የሚለምን ዓይን ነበር።  ብናገር በወደድኩ።

«ሲቲ» አሉ ዋናው ሐኪም። «አሁን።»

ስሱ ደም ወፍሯል። ከሲቲው ስንመልሳቸው ዓይናቸውን ለመግለጥ ሁለት ጊዜ መጥራት አስፈልጎኝ ነበር፤ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ጠርቼም አልገለጡልኝም። በዚያ በር ላይ ሬዚደንቱ የራስጌውን፣ እኔ የግርጌውን ይዘን ስንገፋ ቀና ብሎ አየኝ። የቀረውን ፀጉራቸውን የላጨው እሱ ነው።

ደሙ ወጣ። እሳቸው ግን አልነቁም። በአፋቸው የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶላቸው፣ በመድኃኒት ተኝተው ወደ እኛ ተመለሱ። ቱቦ ያለው ሰው መናገር ስለማይችል ለንግግሩ ቁጥር አይሰጠውም፤ በቁጥሩ ፋንታ አንድ ፊደል ይጻፋል። ረቡዕ ከሰዓት ገብቼ ስለካቸው ዓይን አንድ፣ እንቅስቃሴ አምስት፣ ንግግር ያቺ ፊደል ነበሩ። ለተኛ ሰውም ቢሆን መናገር ልማዳችን ነው፤ «አባባ፣ ሆስፒታል ነዎት። ዛሬ ረቡዕ ነው። ቀዶ ጥገናው አልቋል» አልኩና ሰሌዳው ላይም «ረቡዕ» ብዬ ጻፍኩ።  ከንፈራቸው ቱቦውን አቅፎ ዝም ብሏል።

እማማ ውጭ ነበሩ። ቤታቸው ይሂዱ፣ ይረፉ ብላቸው እምቢ አሉ። «ቀኑን ማንንም አልጠየቅሁም» አሉኝ። «እንዳትነግሪኝ። እሳቸው ሲሉኝ አውቀዋለሁ።» ምን ልበላቸው? ቢነቁ እንኳ ያ ጸሎት ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶባቸው ሊቀር እንደሚችል አውቅ ነበር። ሰው አሥራ አምስት ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቤቱ ውስጥ ማን ሆኖ እንደገባ እኛ አንለካም።

በማግሥቱ ፈረቃዬ ወደ ጠዋት ዞረ። ከሰዓት ወጥቼ ጠዋት ስገባ በመሀሉ የተኛሁት እንቅልፍ እንቅልፍ አይባልም። ስነሣ ተራራው አልነበረም። ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ «ወራጅ አለ» ሲል እኔም አብሬው ልወርድ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ጉሙ እስከ መስኮቱ መጥቶ ክፍሉ የሆነ ቦታ የሚንሳፈፍ መሰለኝ።

መድኃኒቱ ተቀንሶላቸዋል። ሬዚደንቱ ጎናቸው ቆሞ የመተንፈሻውን ማሽን ያነብባል። ዓይናቸው ተገልጧል፤ ወደ ጣሪያው ነው የሚያዩት። «አባባ» አልኳቸው። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።  «እጄን ይጨብጡ» ማለት ነበረብኝ። ወረቀቴን ከኪሴ አወጣሁ። ሰሌዳውን አየሁ፣ የረቡዑን ቃል ፈልጌ፣ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ጀመርኩላቸው። አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ይሆን እያልኩ ነው። ያ ጉሮሮ ውስጥ የሚቆየውን ቃል እንደምንም አወጣሁት።

ግንባራቸው ተቋጠረ። የቀኝ እጃቸው ከአልጋው ላይ ተነሣ፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ መዳፉ ወደ እኔ ተዘረጋ።

«ጎሽ! እጅ ይነሣል» አለ ሬዚደንቱ።

እኔ ግን ተይኝ ማለታቸው መሰለኝ። የማላውቀውን ነገር አፌ ውስጥ ማስገባቴ አስቆጥቷቸዋል ብዬ አፈርኩ፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ። እጃቸው አልወረደም። እንደተዘረጋ ቆየ። አውራ ጣታቸውን ሳይቀር ለያይተው ዘርግተውታል፤ የኔታ ሲያርም እንደሚያነሣው ነው። ዓይናቸው ከእኔ ላይ አልተነቀለም።

አምስት ጣት።

ሰሌዳውን መልሼ አየሁት። «ረቡዕ» የሚለው የእኔ ጽሕፈት ነው፤ የትናንቱ። ማንም አልቀየረውም። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ሐሙስ። ትናንት ከሰዓት፣ ዓይናቸው አንድ፣ ንግግራቸው ፊደል በነበረበት ሰዓት፣ «ዛሬ ረቡዕ ነው» ስላቸው ሰምተውኛል። ሰምተውኝ፣ ይዘውት አድረዋል፤ እኔ የጣልኩትን ቀን።

«ሐሙስ ነው አባባ?»

እጃቸው ወረደ።

አለቀስኩ፤ ደረቋ ልጅ። ሬዚደንቱ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤ በጣቶቹ ከእሑድ ጀምሮ ቆጠረና አምስተኛው ላይ ሲደርስ ማሽኑን ማንበብ ትቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰሌዳውን አጥፍቼ ሐሙስ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቻርቱን ሞላሁ። ዓይን አራት። እንቅስቃሴ ስድስት። ንግግር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ፤ ሙሉው አምስት ነው፣ እሳቸውም በእጃቸው አሳይተውኛል። ደንብ ደንብ ነውና ፊደሏን ጻፍኩ።

ወደ ውጭ ወጣሁ። እማማ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ፊቴን ያነብባሉ፣ መጠየቅ ግን ፈርተዋል።

«እማማ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው» አልኳቸው።

«አትንገሪኝ አላልኩሽም?»

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «እሳቸው ናቸው ያሉት።»